ከጣሳው በኋላ ያለችው እፍኝ

ካፒታሊዝምን ማን ወለደው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ግማሹ ሰው የእንፋሎት ሞተር ይላችኋል፣ ግማሹ ባንክ። እኔ ደሴ ሁለት ዓመት ሒሳብ አያያዝ ተምሬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ መልሱን ያለ አንዳች ማመንታት እነግራችኋለሁ፤ ደብተር ነው። አንድ ነጋዴ በገጹ መሀል መስመር አስምሮ፣ የገባውን በአንድ ወገን፣ የወጣውን በሌላው ጽፎ፣ "ጓዳዬ ሌላ፣ ሱቄ ሌላ" ካለባት ቀን ጀምሮ ትርፍ የሚባለው ነገር መልክ ያዘ። ከዚያ በፊት ሰው ይነግድ ነበር እንጂ ማትረፉን በውል አያውቅም። ይህን ትልልቅ ሊቃውንትም ብለውታል። እኔ ከሊቃውንቱ የምለየው፣ ነገሩን እዚያው ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ በመሞከሬ ነው።

ሬዲዮው ጠዋት ማታ ስለ ነጻ ገበያ በሚያወራበት ዘመን ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ ሥራ የለም። የተከራየሁት እማማ ዘይነባ ግቢ ነበር፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መንገድ ዳር በተከራዩዋት አንዲት ሱቅ ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ እየሸጡ አራት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቁርኣን ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ግብር ሰብሳቢዎቹ "መዝገብ ይያዙ" ብለው ሲያስጨንቋቸው ጠሩኝና፣ ሦስት ወር ሲሞላ በጤፍ ሊከፍሉኝ ተስማማን።

መስመሬን አሰመርኩ። ብዙም ሳልቆይ አንድ ጉድ አገኘሁ። እማማ ዘይነባ በጣሳ ሰፍረው ሲያበቁ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ይጨምራሉ፤ እናንተም ታውቋታላችሁ፣ "መርቁልኝ" ብላችሁ የምትቀበሏትን። ያችን እፍኝ አንድ ወር ሙሉ ቆጥሬ ብደምራት ግማሽ ጆንያ ሆና ቁጭ አለች! በወጪ ዓምድ "ምርቃት" ብዬ በቀይ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

"ያረቢ! ግማሽ ጆንያ?" አሉ። የተማረ ሰው ያከብራሉና፣ ከቀጣዩ ገበያ ጀምሮ እፍኟ ቀረች።

ሸማቾቹ ሴቶች ከተሰፈረላቸው በኋላ የከረጢታቸውን አፍ ከፍተው ይጠብቃሉ። እማማ ዘይነባ ወዲያ ወዲያ ያያሉ። ሴቶቹ ጥቂት ቆመው ከረጢታቸውን ያስሩና ይሄዳሉ። በሁለተኛው ገበያ ግማሾቹ ቀሩ። በሦስተኛው፣ አፈር የበዛበት ጤፍ የሚሸጠው የማዶው ነጋዴ ደጅ ተጨናንቆ የኛ ጆንያዎች እንደታሰሩ ዋሉ። በደብተሬ ላይ የምርቃት ወጪ ዜሮ ነበር፤ ሽያጩም ወደዚያው እየተጠጋ ነበር። የሱቋ ኪራይ ደግሞ ደርሷል፤ ከዚያች ሱቅ ከወጡ ከኔ ጥቂት የቤት ኪራይ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ፤ ፈራሁም።

እማማ ዘይነባ አልተቆጡም። ደብተሩን አስገለጡኝና፣ "ያቺ እፍኝ በየት በኩል ነው ያለችው?" አሉኝ።

"በወጪ በኩል።"

"ጣሳዬና ሚዛኔስ?"

"እነሱማ ንብረት ናቸው፤ በዚህ በኩል ነው የሚጻፉት።"

"በል እፍኟንም እዚያው ጻፋት። ወላሂ፣ ሚዛኑ አንድ ቀን ሰው ጠርቶልኝ አያውቅም።"

ያኔ ትዝ አለኝ። መምህራችን በመጨረሻው ሳምንት፣ የሱቅ መልካም ስምም ንብረት ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። እኔ ያን ቀን ቀርቼ ከጓደኛዬ ደብተር ገልብጬ ነው ያለፍኩት። እፍኟ ተመለሰች፤ ሴቶቹም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ ኪራዩም ትንሽ ዘግይቶ ተከፈለ።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ደመወዜን ልቀበል ከረጢት ይዤ ቀረብኩ። እማማ ዘይነባ ሃያ ጣሳ ቆጥረው ሰፈሩልኝ፤ የመጨረሻዋን በመዳፋቸው ደልድለው ጨመሩና ጣሳውን አስቀመጡት። እኔ የከረጢቱን አፍ እንደከፈትኩ ቆሜያለሁ።

"ምነው እማማ፣ እፍኟስ?"

"አብሽር የኔ ልጅ። አንተ የትም አትሄድብኝም፤ ላንተማ ወጪ ናት።"