ስምንት ዓመት የሞላው የትናንት ውርንጭላ

ተረቴ መንገድ ላይ ናት፤ እስክትደርስ ጠጋ ጠጋ በሉ። እግሩን የዘረጋ ይሰብስብ፣ የሚያስነጥስም አሁኑኑ ያስነጥስ። ይኸው ደረሰች።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ ግን አይደለም። በአንድ ትልቅ ዱር ውስጥ፣ ከዋርካ ሥር፣ የእንስሳት ሁሉ ሐኪም ቤት ነበረ። የታመመ ይመጣል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ካርድ ይወጣለታል። ካርድ ክፍሉን የያዙት አባ ኤሊ ነበሩ። አባ ኤሊ ካርድ ሊያመጡ ወደ መደርደሪያው ሲሄዱ፣ ቁርጥማት ይዞት የመጣ በሽተኛ ቁርጥማቱ ለቆት፣ በምትኩ ሳል ይዞት ይጠብቃቸዋል ይባል ነበር። እውነት ነው፣ ይዘገያሉ። አንዴ ካርዱን ይዘው ከመጡ ግን ማንንም አይስቱም። «አንቺ በአንበጣው ዘመን ቀንድሽ የተሰበረው አይደለሽም? እናትሽስ ጉበቷ ተሻላት?» ይላሉ። በሽተኛው ገና ሐኪም ሳያየው ግማሹ ሕመም እዚያው ይለቀዋል። የሚያውቅህ ሰው ሲያናግርህ እንዲያ ነው።

እንስሳቱ ግን መጠበቅ ሰለቻቸውና ጉባኤ ተጠራ። የሐኪም ቤቱ አለቃ ጉማሬ ነበር። ጉማሬ ስብሰባ ይወዳል። የሚሰበስበውም ኩሬው ውስጥ ተኝቶ ነው፤ ከውኃው በላይ የሚታዩት ሁለት ጆሮዎቹና አፍንጫው ብቻ ናቸው። እና ያን ዕለት አፉንም ብቅ አደረገና፣

«ከባሕር ማዶ ሳጥን መጥቶልናል» አለ። «ከእንግዲህ ወዲህ ካርድ የለም። ሁሉም ነገር ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። በሽተኛው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ መድኃኒቱ ይደርሰዋል።»

እልል ተባለ። አባ ኤሊ ብቻ አንገታቸውን አወጡና «ሳጥኑ ያውቀናል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አባ፣ እርስዎ አርጅተዋል፤ በር ላይ ይቀመጡ» ተባሉ። ተቀመጡ።

የድሮዎቹ ካርዶች ወደ ጓዳ ገቡና ጠባቂ ተሾመላቸው። ማን መሰላችሁ? ምስጥ። «ምስጥ ታታሪ ነው፣ እንቅልፍ አያውቅም» ተብሎ። አትሳቁ፤ በጭብጨባ ነው የጸደቀው።

ሳጥኑ ላይ እመት ጦጢት ተቀመጠች። ሦስት ቀን ስልጠና ሄዳ ስትመለስ ኮፍያ አድርጋ፣ ቦርሳ አንግታ ነበር። ከስልጠናው ይዛ የመጣችው ትምህርት ግን አንድ ነው፤ «ሳጥኑ አይሳሳትም» የሚል። የመጣውን ሁሉ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድክ ትላለች፣ ሳጥኑን ትነካካለች፣ ሳጥኑ ዕድሜውን ይናገራል።

ከሳጥኑ ጋር መጀመሪያ የተጣላችው ሚዳቋ ናት። ሚዳቋ ሦስት ዓመቴ ነው ስትል ኖራ ሳጥኑ አሥራ አንድ አላት። ቁስሏን ሳታሳይ ተቆጥታ ሄደች። ጎረቤቶቿም «እኛስ ብለን ነበር» አሉ። ዝሆን በበኩሉ ስምንት ዓመት ሲጨመርለት ሽምግልናዬ ታወቀልኝ ብሎ ደስ አለው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ የተቆጣው በቁጣው፣ የተደሰተው በደስታው ሄደ እንጂ ነገሩ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ታዲያ በዚህ መሐል እመት አህዪት ወለደች። ዘግይታ፣ ተስፋ ቆርጣ ሳለ ያገኘችው የመጀመሪያ ልጇ ነው። ወንድ ውርንጭላ፣ ጆሮው ከቁመቱ የሚረዝም። በማለዳ ተወለደ፣ ተንገዳግዶ ቆመ፣ እሰይ ተባለ። መጥባት ግን እንቢ አለ። ጡቷን ወደ አፉ ብታስጠጋ ዞር፣ ብትልሰው ዞር። እንገር ያልጠባ ውርንጭላ ሁለት ቀን እንደማይከርም የማያውቅ እንስሳ የለም። ሌሊቱን ስትልሰው አደረችና ሲነጋ በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ሲወድቅ እያነሳች፣ ሐኪም ቤት ይዛው መጣች።

ወረፋው ረጅም ነው። ከፊቷ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አያ ጅቦ። አህዪት ልጇን ወደ ሆዷ ሥር ሳበች።

«አይዞሽ» አላት አያ ጅቦ፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ። «ጥርሴ ነው፤ መንጋጋዬ አብጧል። ዛሬ እንኳን አንቺን ቅቤም አልቆርጥ።»

«እግዜር ይማርህ» አለች አህዪት። ከልቧ ይሁን አይሁን እሷ ታውቃለች።

ተቀመጡ። ፀሐይ ዋርካውን አለፈች። ጦጢት በመስኮት ብቅ አለችና «ሲስተም የለም፣ ጠብቁ» ብላ ተመለሰች።

«ሲስተም ማን ነው?» አለች አህዪት በሹክሹክታ።

«እኔም አይቼው አላውቅም» አለ አያ ጅቦ። «ሁለት ጊዜ መጣሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ የለም አሉኝ። ለቅሶ የሚበዛበት ሳይሆን አይቀርም።»

የሆነው ሆኖ ሲስተም መጣ ተባለ። አያ ጅቦ ከጥርሱ ሕመም እያቃሰተ «ቅደሚ፣ የእኔስ ጥርስ ነው» ብሎ ወረፋውን ለቀቀላት። ክፉም ቢሆን ሲያመው ልብ ያገኛል፤ ይህን ልብ በሉ።

«ስም?» አለች ጦጢት፣ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳትነቅል።

«ገና አልወጣለትም እኮ፤ ትናንት ነው የተወለደው።»

«ስም የለውም» ብላ ጻፈች። «አባት አብሮ መጥቷል?»

«አልመጣም። ቢመጣስ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል።»

አያ ጅቦ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተወለደበት ዓመተ ምሕረት?»

«ዘንድሮ ነዋ፤ አሥራ ሰባት።»

ጦጢት ነካካች። ሳጥኑ ጥቂት አሰበና «ዕድሜ፣ ስምንት ዓመት» አለ።

«አዋቂዎች ክፍል» አለች ጦጢት። «ቀጣይ!»

«እመት ጦጢት፣ እባክሽ እይው። እትብቱ እንኳ አልደረቀም።»

«እኔ ልጅ አላይም፤ የእኔ ሥራ ሳጥኑን ማየት ነው» አለች ጦጢት። እውነቷን ነው፤ አላየችውም።

አህዪት ምን ታድርግ፣ እየገፋች ወደ አዋቂዎች ክፍል ወሰደችው። እዚያ ያለችው ሐኪም ሰጎን ናት። ሰጎን ከላይ ወደ ታች አየችው፤ ወረቀቱንም አየችው።

«ለስምንት ዓመት አህያ የታዘዘው ይኸ ነው» አለችና አንድ ገንዳ ሙሉ መራራ ነገር አሳየቻት። «ይህን ካጠጣሁት ግን ይሞትብሻል። ከኅሊናዬ አልጣላም፣ እህቴ። ወደ ሕፃናት ክፍል ውሰጂው።»

የሕፃናቱን ክፍል የያዘው ሽመላ ነው። ደግ ነው ሽመላ። ገና ሲያየው በመንቁሩ አፉን ከፈተ፣ ምላሱን አየ፣ ሆዱን አዳመጠ።

«ምላሱ ታስሯል፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለ። «አንዲት ጠብታ ይበቃዋል። መድኃኒቱም አለን።»

«ተመስገን፤ ስጠው እንግዲህ።»

ሽመላ አንገቱን ደፋ። «የመድኃኒቱን ጓዳ የሚከፍተው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ አዋቂ ነው ላለው የሕፃን መድኃኒት አይከፍትም። እመት ጦጢትን ዕድሜውን አስተካክይልኝ በያት። ቶሎ በይ ደግሞ፤ ጉልበቱ እየከዳው ነው።»

ጦጢት ጋ ተመለሰች። «የገባ አይወጣም» አለች ጦጢት። «ማስተካከያ የአለቃ ፊርማ ይፈልጋል።»

«አለቃው የት ናቸው?»

«ስብሰባ ላይ።»

«የምን ስብሰባ?»

«ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ አገልግሎታችን ምን ያህል እንደፈጠነ የሚገመገምበት ስብሰባ።»

ልጆቼ፣ አህያ የምትታገሥ ፍጥረት ናት። ጭነት ትችላለች፣ ዱላ ትችላለች። ያን ጊዜ ግን ውርንጭላዋ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከና አልነሳም አለ። ይህን መቻል አቃታት። ልጇን አባ ኤሊ አጠገብ፣ በሩ ላይ አስተኛችና ቀጥ ብላ ወደ ኩሬው ሄደች። ሄደችና አናፋች። ስብሰባው ተቋረጠ። ጉማሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነሆዱ ከውኃው ወጣ ይባላል።

ታሪኩን ሰማ፤ አሰበ። «አሠራር አለ» አለ በመጨረሻ። «ይህ ውርንጭላ ከስምንት ዓመት በፊት አለመወለዱን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ይቅረቡ።»

«አለመወለዱን ያየ ከየት ይመጣል፣ ጌታዬ?»

«አሠራር ነው።»

ሁሉም ወደ በሩ ተመለሱ፤ ጉማሬም ውኃ እያንጠባጠበ ተከተለ። በወረፋው ላይ ያለው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኛስ ምስክር ሁኑ ስንባል እንዲያ አይደለን? ድንገት አያ ጅቦ ጉንጩን እንደያዘ ተነሣ።

«እኔ እመሰክራለሁ» አለ። «በዚህ ዱር ያለ አህያ ሁሉ እኔ ዘንድ የታወቀ ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ አህያ ቢኖር ኖሮ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዛሬ አይኖርም ነበር። ይኸኛው የተወለደው ትናንት ማለዳ ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ሆኜ እጠብቅ ነበር፤ ጥርሴ ነው የከለከለኝ።»

አህዪት ወደ ልጇ ጠጋ አለች፤ ግን «እግዜር ይስጥህ» አለች። ምስክር የቸገረው ምስክሩን አይመርጥም።

«አንድ» አለ ጉማሬ።

አባ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ። «ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ ሳልመሰክር በፊት ግን ሳጥኑን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ዘንድሮ ስንት ነው ይላል?»

ጦጢት ሳቀች። «ዘንድሮማ ዘንድሮ ነው፣ አባ።»

«ጠይቂልኝ፣ ልጄ።»

ነካካች። ሳጥኑ ተናገረ። የጦጢት ኮፍያ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ይላል» አለች ቀስ ብላ።

«እኛ አሥራ ሰባት እንላለን» አሉ አባ ኤሊ። «እሱ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ የሚቆጥረውም በሀገሩ አቆጣጠር ነው። እሱ አልተሳሳተም፣ አንቺም አልዋሸሽም። ግን እሱ በእሱ፣ አንቺ በእኛ ስትቆጥሩ፣ በመሐል ስምንት ዓመት ተረፈ፤ ያን ስምንት ዓመት ነው ይህ ሕፃን የተሸከመው። ሚዳቋም እውነቷን ነበር።»

ሚዳቋን ያሙ ጎረቤቶች ሣር መጋጥ ጀመሩ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ጉማሬ።

«ሌላ መዝገብ ይከፈትለት፤ በሃያ አምስት ተወለደ በሉት።»

«ሃያ አምስት ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል እኮ» አለች ጦጢት። «ያልተወለደ እንዴት ይመዘገባል?»

«ለእኛ አልተወለደም፤ ለሳጥኑ ግን ትናንት ነው የተወለደው። አሁን ክርክሩን ተዪና ልጁን እዪው፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ጦጢት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከሳጥኑ ነቅላ አየችው። በጎኑ ተኝቷል፤ ጆሮው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሦስተኛውን ምስክር ሳትጠብቅ፣ ፊርማውንም ሳትጠብቅ «ሃያ አምስት፣ ትናንት» ብላ ነካካች። ሳጥኑ «ዕድሜ፣ አንድ ቀን» አለ። ጓዳው ተከፈተ። ሽመላ ጠብታዋን በመንቁሩ ጫፍ ይዞ እየበረረ መጣና ምላሱ ላይ ጣላት።

ጠበቁ። ውርንጭላው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ አሁንም ከፈተ። አህዪት ጡቷን አስጠጋችለት። ጠባ። መጀመሪያ እየፈራ፣ ኋላ ጡቷን እየጎሸመ። ወረፋው ሁሉ የየራሱን ሕመም ረስቶ ያ የመጥባት ድምፅ ሲሰማ ቆየ።

ተረቴ እዚህ ላይ ብታልቅ ደስ ባለኝ። ግን ጦጢት ወደ ሳጥኑ ተመልሳ ጮኸች።

«ጌታ ጉማሬ፣ ያኛውስ? የስምንት ዓመቱ አህያ አሁንም ተኝቶ በመታከም ላይ ነው ይላል። የገባ ደግሞ አይወጣም።»

ጉማሬ አሰበ። «እንግዲያው ይታከማ» አለ። «አዋቂዎች ክፍል አልጋ ይያዝለት። ሰጎን ያን ገንዳ ጠዋትና ማታ ታቅርብለት።»

አልጋ ተያዘለት። መሬት ላይ ተኝታ ተራዋን ስትጠብቅ የሰነበተችው ቀበሮ አልጋ አለ ስትባል ተነሥታ ነበር፤ «ሰው አለበት» ተብላ ተመልሳ ተኛች።

«በአካል ግን አልጋው ላይ አይታይም» አለች ሰጎን።

«ጠፍቶ ነዋ» አለ ጉማሬ። «ይፈለግ።»

«ፍለጋውን ለእኔ ተዉት» አለ አያ ጅቦ፣ ጉንጩን ለቀቅ አድርጎ። «ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሥጋው የጠና አህያ አይደል የምትሉት? ጥርሴም ሻል ብሎኛል።»

ጉማሬ በሐሳቡ ተስማማ። እንዲያውም የአፈላላጊ ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ ሊሰበስብ ወደ ኩሬው ገባ።

አህዪት ልጇን ከፊቷ አስቀደመች። ሆዱ ሞልቷል፤ ይራመዳል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። በሩ ላይ ስትደርስ ጉማሬ ከውኃው ውስጥ ጠራት።

«እመት አህዪት፣ ወዴት ነው? ልጅሽ ሳይገኝ ትሄጃለሽ?»

አህዪት ዞር አለች።

«ጌታዬ፣ የሌለው ልጄ አልጋ አግኝቷል፣ መድኃኒት አግኝቷል፣ ፈላጊም አግኝቷል። ያለው ልጄ ግን ያለው እናት ብቻ ነውና ይዤው ልሂድ።»