የአባባ ምላጭና የኔ አሥራ አንድ ፀጉር

ሰው መስታወት ፊት የሚቆመው መልኩን ለማየት ነው ይባላል። እኔ ግን የምቆመው ለመቁጠር ነበር። ከላይኛው ከንፈሬ በላይ በግራ ስድስት፣ በቀኝ አምስት። በድምሩ አሥራ አንድ ፀጉር። አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ከአንድ ነው የጀመራችሁት።

እነዚህን አሥራ አንድ ፀጉሮች ከመስከረም እስከ ጥር አሳድጌያቸዋለሁ። የደብረ ታቦር ብርድ ስንቱን ችግኝ ያደርቃል፤ የኔ ጢም ግን ችሎ በቀለ። ክፍላችን ውስጥ ሰላም የምትባል ልጅ አለች። አንድ ቀን ከፊቴ ካለው ወንበር ዞር ብላ፣ "እንዴ፣ ጢም አወጣህ እኮ!" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ለኔ ግን እሱም በዛ። ምን ብለህ መለስክላት ትሉኝ ይሆናል። ምንም። እስክሪብቶዬ ወደቀብኝና ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል መምህሩ ገብቶ ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። ይህን ጢም ማንም አይነካውም።

ጥር ገባና የአጎቴ ሰርግ ደረሰ። አጎቴ ጋሼ ምስጋናው የአባቴ ታናሽ ነው፤ ባሕር ዳር ይሠራል። ሙሽራዋ የአንበሳሜ ልጅ ናት። እኔን ከሚዜዎቹ የመጨረሻው አደረገኝ። ሱፍ ስለሚገዛልኝ ደስ አለኝ። የቤታችንን ልማድ ግን ረስቼው ነበር። በኛ ቤት ሙሽራና ሚዜ በሰርጉ ዋዜማ ግቢው ውስጥ ወንበር ተዘርግቶላቸው ተራ በተራ ይላጫሉ። ፊቱ ያልጠራ ሚዜ የሙሽሪትን ቤት ደጃፍ አይረግጥም። ይህን ያሉት አያቴ ናቸው። እሳቸው ያሉትን ደግሞ አባቴም አይመልሰው፣ እንኳን እኔ።

አያቴን አባባ እንላቸዋለን። በጉልምስናቸው ዘመን በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣውን ሰው ሁሉ ራስና ጢም የሚላጩት እሳቸው ነበሩ። የሚላጩበት ታጣፊ ምላጭ አሁንም አለ። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። በወጣትነታቸው ጎንደር ወርደው በአንድ ሙክት ለውጠው ያመጡት ነው። የሙክቱን ታሪክ ካስጀመራችኋቸው እራት ያልፋችኋል።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጋሼ ምስጋናው ከባሕር ዳር መጣ። ከቦርሳው አንድ ትንሽ ሳጥን አወጣ። ውስጡ ቀይ ከፋይ ተነጥፎበታል። ከፋዩ ላይ አዲስ ታጣፊ ምላጭ ተኝቷል። ፊታችሁን ታዩበታላችሁ።

"ዘንድሮ በዚህ ነው የምንላጨው" አለ።

አባባ ተቀበሉት። አገላበጡት። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ መለሱለት።

"ማንኪያ ነው" አሉ።

"አባባ፣ አንቱ ደግሞ! አዲስ እኮ ነው። እንዴት እንደሚያብረቀርቅ አያዩም?"

"የድስት ክዳንም ያብረቀርቃል።"

"የአንቱ ምላጭ እኮ አርጅቷል። ጡረታ ይውጣ እንጂ።"

"እኔም አርጅቻለሁ። አውጣኛ!" አሉት። "የመጀመሪያ ፀጉርህን በዚህ አይደለም የላጨሁህ? ያኔም እንዲህ ስትነጫነጭ ነበር።"

ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። አዲሱ ንጹሕ ነው፤ አሮጌው የተፈተነ ነው። አዲሱ ቀላል ነው፤ አሮጌው እጅ ላይ ይከብዳል፣ የሚከብድ ደግሞ አይዘልም። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በመጨረሻ በማን ይሞከር ሲባል ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከሚዜዎች የመጨረሻው ነኝ። ማንን ሊያዩ ኖሯል?

እናቴ በዚህ መሀል ከጓዳ ብቅ አለች። "ፊቱ የልጁ አይደለም እንዴ? እሱን ጠይቁት እንጂ" አለች። እናት እናት ናት፤ ልታድነኝ ነው ብዬ ቀና አልኩ። "የቱን ትፈልጋለህ የኔ ልጅ? የአባባን ወይስ የአጎትህን?" አለችኝ።

አያችሁ? መላጨት ትፈልጋለህ ወይ ያለኝ የለም። ሁለቱንም አልፈልግም ማለት እችል ነበር። ትችል ነበር የምትሉኝ ከሆነ እናንተ ኑና በሉት። አባባ እያዩኝ። አጎቴ እያየኝ።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። በጥቅምት የጂኦግራፊ መምህራችን የጉና ተራራን በካርቶን ሠርታችሁ አምጡ ብሎን ነበር። መቀስ አጣሁ። የአባባ ምላጭ ሣጥናቸው ውስጥ ነበር። ጉናን የሚያህል ተራራ በዚያ ምላጭ ቆርጬ ሠራሁ። ጥሩ ማርክ አገኘሁ። ምላጩ ግን ከዚያ ወዲያ ቅቤም አይቆርጥ። ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ አስቡት። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ አንዴ ካለፈ አሥራ አንዱም የለም። አሮጌው ዱልዱም ነው። አባባ ሁለት ሦስቴ ያንሸራትቱታል፣ አልቆርጥ ሲላቸው ይተዉታል። ጢሜ ይተርፋል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ብልሃት መጥቶልኝ አያውቅም።

"የአባባን" አልኩ።

አባባ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እርጥብ ብሏል። ጋሼ ምስጋናው ሳጥኑን ዘጋና፣ "እኔ ብቻዬን እላጭበታለሁ" ብሎ ወጣ።

ምላጩን ይስሉታል ብሎ ማን አሰበ? ከሰዓት በኋላ መሳያ ድንጋያቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ። አሮጌ የቆዳ ቀበቶ በር መቃኑ ላይ በምስማር መቱ። ሐሙስ ሸርተት፣ ሸርተት። ዓርብም ሸርተት፣ ሸርተት። ጎረቤት ባለፈ ቁጥር፣ "የልጅ ልጄ የኔን መረጠ! የዛሬ ልጅ አዲስ ነው የሚወደው ያለው ማነው?" ይላሉ። በእያንዳንዱ ሸርተት አንድ ፀጉር ከፊቴ የሚነቀል ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ ምስጋናው ቀድሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሳሙናውን አረፋ አደረገና በአዲሱ ምላጭ ጉንጩን መላጨት ጀመረ። ምላጩ ግን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። ኩሩ ነውና አላቆመም። እንባው ኮለል ብሎ ወረደ። አክስቶቼ፣ "አይዞህ፣ ሙሽራ ሆዱ ይባባል" እያሉ እልል አሉለት።

አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከፋብሪካ ወጥቶ ድንጋይ ያላየ ምላጭ ገና ምላጭ አልሆነም። አልተሳለም እኮ" አሉኝ።

ይህን ሐሙስ ቀን ቢናገሩ ምን ነበረበት? ለካ ዱልዱሙ አዲሱ ነበር። ለካ ጢሜን የሚያድነው ከፋይ ላይ የተኛው ነበር።

ተራዬ ሆነ። የአባባ እጅ ሻይ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ስኒው ሳህኑ ላይ ሲንቀጫቀጭ ከሩቅ ይሰማል። እጃቸው ምላጩን ይዞ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከንፈሬ ላይ ሲያርፍ ግን ቀጥ አለ። አልተንቀጠቀጠም። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። አለቀ። አምስት ወር ሙሉ ያሳደግኩት ሁለት ጊዜ እንኳ ሳልተነፍስ ሄደ።

ፊቴን በፎጣ እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "ማጠፊያው ውስጥ የካርቶን ብናኝ አገኘሁ" አሉኝ። "ጉናን የሠራህበት አይደል?"

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"አውቄ ነበር። ያበላሸኸውን ራስህ መርጠህ ፊትህን ሰጠኸው። እኔ በአንተ ዕድሜ ብሆን አዲሱን ብዬ እሸሽ ነበር" አሉ።

ምን ልበላቸው? የመረጥኩት ስለማይቆርጥ ነው ልበል? ዓይናቸውን አየሁና ተውኩት። ምላጩን አጠፉና የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተቱት። "ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው" አሉ። ከኋላችን ጋሼ ምስጋናው ጉንጩ ቀልቶ ቆሟል። "አባባ፣ እኔንም..." አለ። "ማንኪያህስ?" አሉት። ግን ላጩት። እሑድ አንበሳሜ ስንገባ እንደሱ ፊቱ የጠራ ሙሽራ አልነበረም።

ሰኞ ሰላም ዞር ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። "ምነው፣ አነስክብኝ?" አለች። "ሰርግ ነበረብን" አልኳት። ሁለት ቃል። እስካሁን ከነገርኳት ሁሉ ረጅሙ ነው። ደግሞም ሳቀች።

እንግዲህ አሮጌ ምላጭ ይሻላል ወይስ አዲስ የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ምላጩን ተዉትና ባለቤቱን እዩ። ባለቤቱ ሰነፍ ከሆነ በየትኛውም ተማመኑ፤ ጢማችሁ ይተርፋል።

አባባ አሁን በየቅዳሜው መሳል ያስተምሩኛል። ሸርተት፣ ሸርተት። ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ሳልዋሽ ደስ ይለኛል። በግራ በኩል ደግሞ ከትናንት ወዲያ ሁለት ፀጉር ብቅ ብሏል። ፋሲካ ሲደርስ የቤቱ ወንድ ሁሉ እንደገና ይላጫል።

ስለዚህ ካርቶን ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት።