የእትዬ ዘነበች ቃሪያና የሜይ ውርጭ

የለንደንን ፀሐይ ያመነ፣ ጉም የዘገነ። ይኸው እኔ ስትሪትሃም ሰፈር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ዘንድሮም አመንኳት። ምን ላድርግ? የፈረንጆቹ ሜይ ወር ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ቁምጣ ለብሶ፣ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የቃሪያ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ ዘነበች ዘር ሰጥተውኝ ነበር። እህታቸው ከመሞቷ በፊት ከጓሮዋ ለቅማ የላከችላቸው ነው፤ ሌላ የቃሪያ ዘር የላቸውም። እሳቸው የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ካውንስል ከሚሉት የሰፈሩ አስተዳደር የተከራየኋት ቁራሽ መሬት አለችኝ። አደራው እኔ ላይ ወደቀ። ችግኙን መስኮት ሥር እንደ አራስ ልጅ አሳደግሁት።

ፀሐይዋ ስትበረታ አውጥቼ ተከልኩት። ከጎኔ የሚያለሙት ሚስተር ጆርጅ፣ ጡረታ የወጡት አዛውንት፣ ገና ነው፣ የውርጩ ጊዜ አላለፈም፣ ወሩ እስኪያልቅ ቆይ አሉኝ። ይህን ለእትዬ ዘነበች ብነግራቸው፣ ቀንተውብህ ነው አሉ። ፈረንጅ ሲቀና እንዲህ ምክር እየሰጠ ነው አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ። ታላቅ ሰው አይደሉ?

አንድ ጠዋት በመስኮት ሳይ የመኪናው መስታወት ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኗል። የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ሮጥኩ። ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? መሬቴ ላይ ነጭ አንሶላ የለበሰ ሰው ተጋድሟል።  ቃሪያውን ረሳሁት። ፖሊስ ልጥራ? ማን ነው ብዬ ልናገር? አማተብኩና አንሶላውን በጣቴ ጫፍ ገለጥ አደረግሁት።

ቃሪያዬ ነው። ለምለም እንደሆነ ቆሟል።

ቀና ስል ሚስተር ጆርጅ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው መደባቸው አጠገብ ቆመዋል። የድንቻቸው ቡቃያ እሳት እንደለበለበው ጠቁሯል። ለካ ትናንት አመሻሽ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ ይወርዳል ብለው ሰግተው፣ አንሶላቸውን ካልጋቸው ገፈው መጥተዋል። የበቃው ለአንድ መደብ ብቻ ነው።  ታዲያ ለምን የራስዎን አላለበሱም አልኳቸው።

«ድንች ከሥሩ ይመለሳል፤ ቃሪያ ከሞተ ሞተ ነው» አሉኝ። «ደግሞ የሟች አደራ ነው ብለኸኝ የለ?»

እኔ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም። ወሬውን ለእትዬ ዘነበች አደረስኩ። እሳቸውም ደንግጠው፣ አንሶላ ገዝቼ ልላክላቸው ይሆን አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና መረቁኝ።

«እንዲህ ያለውን ምቀኛ አያሳጣህ።»