እኔ የለሁም ብላችሁ ቀጥሉ

በየቤቱ ካቻቪቴ የሚፈልግ አንድ አባት አለ። ቤቱ ውስጥ የላላ ብሎን ባይኖር እንኳ ካቻቪቴው መፈለጉ አይቀርም፤ የሚፈለገውም ሁልጊዜ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው።

የአንድ ጊታር ተጫዋች አባት በዚህ ሙያ አቻ አልነበራቸውም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ሲወጡ አሮጌ መኪናቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው ጋራዡን ፓንክ የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ ለሚጫወተው የልጃቸው ባንድ ለቀቁ። ጋራዡን ለቀቁ እንጂ በሩን አልለቀቁም።

ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን የቀረጸው ከጣሪያው በሲባጎ በተንጠለጠለ ስልክ ነው። ድምፁ ይንሿሿል፣ ይጎረብጣል፤ ልጁ ግን «ጥሬ ነው፤ ውበቱም እሱ ነው» ባይ ነበር። ታዲያ ዘፈኑ ሲጋጋል በሩ ሲጢጥ ይላል። ክቡር ፈላጊ በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ ገብተው የመሣሪያ ሣጥናቸውን ማተራመስ ይጀምራሉ።

«እኔ የለሁም ብላችሁ ቀጥሉ» ይላሉ በሹክሹክታ። የአውቶቡስ ሾፌር ሹክሹክታ ደግሞ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

«አባዬ፣ እየቀረጽን እኮ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ?»

አንድ ቀን ልጃቸው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብለው አዳመጡና፣ መሀል ላይ «ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያናደደህ? ንገረኝና ላነጋግረው» አሉ። ከበሮ መቺው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ አልሳቀም፤ ቅጂውን አጠፋው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉንም አጠፋ። ሳላቸውን፣ የሣጥኑን ኳኳታ፣ «እኔ የለሁም»ን። የጎረቤት ውሻ ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ ገብቶ ሲጮህ ግን የባንዱ ልጆች «ጥሬ ነው!» ብለው ተዉት። ለመጨረሻው ዘፈን ልጁ በሩ ላይ ከውስጥ መቀርቀሪያ ገጠመ፤ የገጠመውም በአባቱ ካቻቪቴ ነው።

አልበሙ ሲያልቅ አባት መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ አሥራ አንዱንም ዘፈን አዳመጡ። ሲወጡ «ጎበዝ» አሉት። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ «ውሻውን አስገባችሁት አይደል?» አሉ። ልጁም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ነበረበት!

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። አባት በዓመቱ አረፉ። ልጁ ድምፃቸውን ፍለጋ ስልኩን አገላብጦ አየ፤ አንድም አላገኘም። ሲያጠፋ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበረ ያን ቀን ገባው፣ ጣቱንም ነከሰ። ያ ሁሉ ጩኸት በማን ላይ እንደነበር ዛሬ ቢጠየቅ አያስታውስም፤ ያናደደውን ሰው ሊያነጋግሩለት የቆረጡትን አባቱን ግን ያስታውሳል።

የቀረው አሥራ አንደኛው ዘፈን ነበር። ጊታሩ ዝም ካለ በኋላ ቅጂውን ማቆም ሁሉም ረስተውታል፤ የስልኩ መንሿሿት ብቻ ይቀጥላል። ከዚያ የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ይዞራል። አንዴ። ሁለቴ። መቀርቀሪያው ይይዘዋል። ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሳይቸኩል ይርቃል።

ልጁ ይህን የሚያዳምጠው አሮጌዋ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነው። እጀታው ሲዞር ሁልጊዜ መቀርቀሪያውን ይቀድመዋል።

«ግባ አባዬ» ይላል፤ «ግባ፣ እየቀረጽን ነው።»