ለአባወራ የሚገባ ሳቅ

የአንድ ቤት ክብር የሚለካው አባወራው ሲቀልድ በሚሳቅለት ሳቅ ነው። ይህን ታላቅ እውነት ለዓለም ያበረከቱት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ምክትል ኃላፊ የሆኑ አባወራ ናቸው። ያበረከቱትም ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቻ ሶፋ ላይ ተዘርግተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታየውን የቤተሰብ ኮሜዲ ሲመለከቱ ነው።

በኮሜዲው ውስጥ ያለው አባት ገበታ ላይ ቀረበና “እስቲ ጨው አቀብሉኝ” አለ። የማይታይ ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። የአባወራው ሚስትና ልጅም አብረው ፈረሱ።

“አሁን ይኼ ሰውዬ ምን አለ?” አሉ አባወራው። “ጨው አቀብሉኝ ነው ያለው። እኔ እዚህ ቤት ጨው አቀብሉኝ ስል ስኖር ማን ስቆልኝ ያውቃል?”

“አንተ ስትለው እኮ ምግቡን እየሰደብክ ነው” አለች ሚስት።

“አባዬ፣ ያ ተቀድቶ የሚለቀቅ ሳቅ ነው” አለች ልጅ። “ሳቁን ብታነሳለት እሱም እንዳንተ ነው።”

አበው “ጥርስ ባዳ ነው” ይላሉ፤ የዚያ ቤት ጥርስ ግን ለባዳ ብቻ የሚገለጥ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ከታወቀ ደግሞ የቀረው የአፈጻጸም ጉዳይ ብቻ ነው። ለሳቅ ሥራ የሰው ኃይል ከውጭ መቅጠር አላስፈለገም። ለሳምንት ብሎ መጥቶ ስንት ክረምት ያሳለፈው የሚስትየዋ ወንድም፣ ቤተሰቡ “ሰንብት” የሚለው ጎልማሳ፣ ያለ ሥራ መደብ እየበላ ነበርና።

ጊዜውም የሚያጣድፍ ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጥተው፣ አባወራው ዕድሜ ልካቸውን ከጎኑ ቆመው የጠበቁት ወንበር ባዶውን ቀርቷል። በመጪው ቅዳሜ ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጁ አባወራው ቤት መጥተው ራት ሊበሉ ነው።

“ክራባቴን ነካ ሳደርግ ከመጋረጃው ኋላ ሆነህ ትስቃለህ” አሉት ሰንብትን። “ተጫዋች ሰው መሆኔን ይወቁልኝ።”

“እሺ ጋሼ። እንደ ስንት ሰው ልሳቅ?”

“እንደ አንድ አዳራሽ።”

“አንድ አዳራሽ ሰው በባዶ ሆድ አይስቅም፣ ጋሼ።”

ጥያቄው አግባብነት ያለው ሆኖ ስለተገኘ አንድ ሰሃን የተጠበሰ ዶሮ ተፈቀደለት።

“ሳቁ ከየት መጣ ቢሉህስ?” አለች ልጅ።

“የቤታችን ድባብ ነው እላለሁ።”

ቅዳሜ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ፊት ለፊት፣ የክብር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዝም ብለው ጎረሱ፣ ዝም ብለው አላመጡ። አባወራው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “እስቲ ጨው አቀብሉኝ” ብለው ክራባታቸውን ነካ አደረጉ።

ከመጋረጃው ኋላ የተሰማው የአጥንት መቆርጠም ብቻ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጨውን አቀበሏቸው። “ሐኪም አልከለከለህም?” አሉ። ቀጥለውም ሹካቸውን አስቀምጠው ወደ ቁም ነገር ገቡ። “እንግዲህ በመጪው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ቀልጣፋ አገልግሎት ይሰጣል።”

ሰንብት ጉርሻውን የዋጠው በዚህች ቅጽበት ነው። የበላውን የማይክድ ሰው ስለሆነም ያሳደረውን የጨው ሳቅ በሙሉ ለቀቀው። አንድ አዳራሽ ሳቀ።

ሥራ አስኪያጁ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። አባወራው ትንፋሽ አጠራቸውና ክራባታቸውን ሊያላሉ ያዙት፤ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ጎተቱት፤ የአዳራሹ ሰገነት ሁሉ የሞላ መሰለ። በመጨረሻ ሚስት ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችው። ሰንብት የዶሮ እግር በእጁ፣ እንባ በጉንጩ ይዞ ተገኘ።

“አንተ ነህ የሳቅከው?” አሉ ሥራ አስኪያጁ።

“አዎ፣ ጌታዬ።”

“በእኔ ንግግር?”

አባወራው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“እንደሱ ያለ ነገር ተወልጄ ሰምቼ አላውቅም” አለ ሰንብት። እውነቱን ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸውን ወደ ሰንብት አዞሩ። “ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ከኋላዬ ሲሳቅ እሰማለሁ” አሉ ቀስ ብለው። “ፊት ለፊቴ የሳቀ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። መሥሪያ ቤቱ ያጣው እንዲህ ያለውን ግልጽ ሰው ነው።”

ሹመት ያዳብር፤ ሰንብት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኗል። ንብረት ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። በስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ “ቀልጣፋ” ሲሉ እሱ ይጀምራል፣ ሠራተኛው ይከተላል። አባወራውም በምክትልነታቸው ቀጥለዋል፤ ልምድ ያለው ምክትል በቀላሉ እንደማይገኝ በአክብሮት ተነግሯቸዋል። ሰንብት ቤት አልተከራየም፤ ሳምንቱ ገና አላለቀም። ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ግን ቀልድ ጀምሯል።

ባለፈው ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቤት ራት ተጋበዙ፤ የጋበዛቸው ሰንብት ነው። እንግዳው ከመድረሳቸው በፊት አዲሱ ኃላፊ መስታወት ፊት ቆሞ ክራባቱን ሲያስተካክል፣ ሚስት መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርጋ ለባሏ አንድ ሰሃን ዶሮ አቀበለቻቸው።

“እንካ” አለች በሹክሹክታ። “ብቻ አደራህን፣ ሳትስቅ እንዳትጎርስ።”