ያልተሠራው ደረጃ

(ከግንባታው አጥር ሥር የተጎለተች የቆርቆሮ ቢሮ። ወጣቱ አርክቴክት ከኮምፒውተሩ ትኩስ የወጣ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቱግ ብሏል። ሽማግሌው ፎርማን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው እያሉ ያሙታል፤ አርክቴክቱም ሐሜቱን አምኖ ተቀብሏል።)

አርክቴክቱ፦ ደረጃ እኮ ነው! መርፌ አይደለም የጠፋብህ! አንድ ሙሉ ደረጃ ሳትሠራ እንዴት ጣራ ታለብሳለህ?

ፎርማኑ፦ ኢንጂነር፣ ፕላኑ ላይ ያየሁት አንድ ደረጃ ነው። እሱን ሠርቻለሁ።

አርክቴክቱ፦ አርክቴክት በለኝ! ስንቴ ልንገርህ፣ ኢንጂነር አይደለሁም!

ፎርማኑ፦ ይቅርታ፣ ኢንጂነር።

አርክቴክቱ፦ (ወረቀቱን በጣቱ እየደበደበ) ይኸው ሴክሽኑ። ቤቱን እንደ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ቆርጠን ውስጡን ስናየው ማለት ነው። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ። መቁጠር ትችላለህ?

ፎርማኑ፦ እስከ ሁለት እንኳ አልታማም። ግን ዳቦው የተቆረጠው የቱ ጋ ነው?

አርክቴክቱ፦ የቱ ጋ ማለት?

ፎርማኑ፦ ድሮ በእጅ ሲሣል ቢላው የነካው ወፍራም መስመር ነበር። ከኋላ የሚታየው ቀጭን፣ ሩቁ ደግሞ እንደ ፀጉር የሳሳ። እዚህ ግን ግድግዳውም መስኮቱም ዛፉም አንድ ውፍረት ነው።

አርክቴክቱ፦ እሱ የእርሳስ ዘመን ነው፣ ጋሼ! ኮምፒውተር አያዳላም። ለእሱ መስመር ሁሉ እኩል ነው።

ፎርማኑ፦ ጎሽ! መስመር እንኳ እኩልነት አገኘ፤ የቀረነው እኛ ነን።

አርክቴክቱ፦ ምን አልክ?

ፎርማኑ፦ ዛፉን ነው። ሳሎን ውስጥ ነው የበቀለው ወይስ ውጭ?

አርክቴክቱ፦ ውጭ ነዋ! ዛፍ ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል?

ፎርማኑ፦ እኔማ ምን አውቄ። ይኼስ፣ ግድግዳው ውስጥ የቆመው ሰውዬ?

አርክቴክቱ፦ የቤቱን ቁመት ለማሳየት የገባ ሰው ነው! ከግድግዳው ፊት ነው የቆመው!

ፎርማኑ፦ ተመስገን! እኔ ደግሞ ከነነፍሱ ኮንክሪት ልሞላበት ነበር።

(አርክቴክቱ ሰዓቱን አይቶ አንድ ደብዳቤ ወደ ፎርማኑ ይገፋል።)

አርክቴክቱ፦ ስማ፣ አሠሪያችን መንገድ ላይ ናቸው። ይኼን ጠዋት በስልክ ልኬላቸው አንብበውታል፤ ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። "ፎርማኑ ሴክሽን ማንበብ ስለማይችል ሁለተኛውን ደረጃ ሳይሠራ ቀርቷል፤ በሌላ ሰው ይተካ።" ፈርምና በሰላም እንለያይ።

(ፎርማኑ ደብዳቤውን ሁለቴ ያነበዋል።)

ፎርማኑ፦ ሠላሳ ዓመት ስሠራ የጎበጠ ግድግዳ እንኳ ወጥቶብኝ አያውቅም። ዛሬ ደረጃ ጠፋበት ልባል? ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን አሥር ጊዜ ዞርኩት እኮ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።

አርክቴክቱ፦ ስላላወቅክ ነው የማይታይህ።

ፎርማኑ፦ እሺ፣ እፈርማለሁ። ብቻ የቱ ጋ እንደረሳሁት ደህና አድርገው ያሳዩኝ። ጥፋቴን አውቄ ልሂድ።

(አርክቴክቱ ብርሃን እንዲያሳልፍ ወረቀቱን አንስቶ በመስኮቱ መስታወት ላይ ዘርግቶ ይይዘዋል።)

አርክቴክቱ፦ ይኸው፣ በምሥራቅ በኩል! አሥራ አራት መርገጫ፣ መሐሉ ላይ መታጠፊያ፣ በጎኑ የብረት መደገፊያ።

ፎርማኑ፦ (ዓይኑን አጥብቦ) መደገፊያው ጫፉ ላይ ተጣሟል?

አርክቴክቱ፦ (በኩራት) አየህ? መጣመሙ ሳይቀር ወጥቷል! ዲዛይን ማለት ይኼ ነው!

ፎርማኑ፦ ይኼን ደረጃ አውቀዋለሁ።

አርክቴክቱ፦ ታዲያ ለምን አልሠራኸውም?

ፎርማኑ፦ ወረቀቱን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።

(ዝቅ ያደርገዋል። ከመስታወቱ ማዶ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ የጎረቤት ቤት። አሥራ አራት መርገጫ፣ መሐሉ ላይ መታጠፊያ፣ ጫፉ የተጣመመ የብረት መደገፊያ። ባልዲ ይዛ የምትወርድ ሴትዮ ቆም ብላ አርክቴክቱን ታየዋለች።)

አርክቴክቱ፦ ይኼ... ይኼ እንዴት...

ፎርማኑ፦ ባለፈው ወር እርስዎ የጎረቤት ቤት ጥላ የት እንደሚያርፍብን ልወቅ ብለው፣ ያንን ቤት ለክተው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቡት። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ እንዳሉት አያዳላም፤ የኛንም የሰውንም አንድ አድርጎ ሣለው።

አርክቴክቱ፦ ይኼን ሁሉ ስጮህ ታዲያ ዝም ትላለህ?

ፎርማኑ፦ ቅርቡ የቱ ነው፣ ሩቁ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የእርሳስ ዘመን አሉኝ።

(ከበሩ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። አርክቴክቱን ላብ አጠመቀው።)

አርክቴክቱ፦ መጡ! "ሁለተኛው ደረጃ የት ጋ ሊሠራ እንደሆነ አሳዩኝ" ብለዋል! ጋሼ፣ በሞቴ፣ ምን ልበላቸው? እርስዎ ያውቁባቸዋል!

ፎርማኑ፦ (ኮፍያውን ቀስ ብሎ እያጠለቀ) አይዞህ፣ ልጄ። ደረጃው ተሠርቶ አልቋል በላቸው። ብቻ ካልወጣሁበት ካሉ አንተ ቅደም፤ የጎረቤቶቹ ውሻ ክፉ ነው።