የየካ ልጆች ሁሉ ክርስትና አባት

ሰኔ 2 ቀን 1957 ዓ.ም. አቶ ዓምደ ሚካኤል ሲያርፉ፣ «ሕፃን ከጎልማሳ ወንበዴ ጋር በአንድ ክፍል አይታሰር» እያሉ ይጽፉት የነበረው አቤቱታ «ስለዚህ» የምትለው ቃል ላይ ቆሞ ቀረ።

የሰው ጉዳይ ካልያዘ ምሳ የማይበላለት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የየካው ባለማዕረግ እሳቸው ነበሩ። ሌላው ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ እሳቸው ችሎት ይሳለማሉ።

ችሎት የሚቀርቡት ልጆች የልደት ወረቀት የላቸውም፤ ዕድሜያቸውን የሚመሰክረው ክርስትና ያነሣቸው ሰው ነው። ሕጉ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን አይቀጣም። እንግዲህ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ የተያዘ ልጅ በቀረበ ቁጥር አቶ ዓምደ ሚካኤል ብድግ ነው፤ «ክርስትና አባቱ ነኝ! ዘጠኝ አልሞላውም!»

«ይኼኛው እኮ ጢም አብቅሏል» አሉ አንድ ቀን ዳኛው።

«አባቱን ባዩት ጌታዬ! ጸጉራም ዘር ናቸው።»

መዘዙ የሚተርፈው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ደብሪቱ ነበር። ቡሄ በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ «የክርስትና ልጅ» ሙልሙል ሊቀበል አጥር ይገፋል። «ኧረ እርስዎ ሰው፣ የየካን ሌባ ሁሉ አስወለዱኝ!» ይላሉ፣ ሊጥ በሊጥ ሆነው።

ጉድ የፈላው በጂቱ ቀን ነው። ከሰው ደን ቅጠል ስትጠርግ የተያዘች፣ ከችሎቱ ጠረጴዛ በላይ ግንባሯ ብቻ የሚታይ ልጅ ናት። ካልተለቀቀች ማደሪያዋ ከጎልማሶቹ እስረኞች ጋር ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ።

«ክርስትና አባቷ ነኝ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴት ልጅን ክርስትና የምታነሣ ሴት እንጂ ወንድ ማን አይቶ ያውቃል?

«ሌሎቹንም እንዲህ ነው ያነሡት?» አሉ ዳኛው።

ጂቱ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ባላቸውን ሊታዘቡ ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ያነሣኋት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እሳቸው ደጅ ቆመው ጥላዬን ይጠብቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይምታታባቸዋል።»

«ዕድሜዋስ?»

«ዘጠኝ አልሞላትም። ጢምም የላትም።»

ዳኛው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው፣ «ውሰዷት» አሉ።

በመንገድ ወይዘሮ ደብሪቱ ልጅቱን እጇን ይዘው ወደ ባላቸው ዞሩ፤ «ለሴት ልጅ ሙልሙል የለ፤ ለዚችስ ምን ይሰጣል?»

«ለእናቷ ማገዶ» አሉ ባልየው።

ከማረፋቸው በፊት በዋለው ቅዳሜ የመጨረሻ ጉዳያቸው ይኸው ሆነ። ከእንጦጦ ወርዶ ሾላ ገበያ የሚሸጥ አንድ ሸክም ቅጠል ተከራክረው ገዙ፤ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በገዛ ጀርባቸው መልሰው ሽቅብ ወደ እንጦጦ ተሸክመው፣ ለጂቱ እናት አደረሱ።